ብልቃጡን ማን ይያዝ

ድንቅቱ የግቢውን በር ስትከፍት ታናሽ ወንድሟ ወንዲ ቆሟል። ፊቷን አዞረች። ከዓመታት በፊት ከጓሮዋ ጎመን መሃል ሀሺሽ ዘርቶባት፣ ፖሊስ "የማን ቤት ነው?" ብሎ እሷን ሲወስድ፣ እሱ ቡራዩ ጓደኛው ቤት ተሸሸገ። ጣቢያ ማደሯ አይደለም ይህን ሁሉ ዓመት ያንገበገባት፤ መጥቶ "የኔ ነው" አለማለቱ ነው።

"እትዬ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሳትሄዱ ደረስኩ" አለና ከጃኬቱ ጥቁር ብልቃጥ አወጣ። "ለጋሼ ነው። ከምላስ ስር ጠብ ይደረጋል።"

"ምንድን ነው?"

"ዘይት ነው። ከ... ከዚያው ተክል የወጣ።"

"ከየትኛው?" አለች፣ ገብቷት ሳለ።

ባሏ ፍቅረሥላሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ እጁን በጉልበቶቹ መሃል ደብቋል። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ሲቀጥል የኖረ እጅ ነው። አሁን የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ናት።

ወንዲ ስልኩን እያየ አስረዳ። "አንጎል ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። እነሱ ሲጎዱ ነው አሉ እንዲህ ያለ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ የሚብሰው። ከተክሉ የሚወጣው ነገር ከጉዳት ይጠብቃቸዋል። ተጠንቷል።"

"በማን ላይ?"

"በአይጥ።"

"ጋሼህ አይጥ ነው?"

ፍቅረሥላሴ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። "ድንቄ፣ አይጧ ከተሻላት እኔስ ለምን ይቅርብኝ? ስጪኝ።"

ግራ ገባት። ፖሊሱ ያኔ ጭንቅላት ያበላሻል ብሏት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ጭንቅላት ይጠብቃል ይላል። ሁለቱም እውነት ይሆን? ከልክላው መድኃኒቱ ቢሆንስ? ሰጥታው ከሚውጠው ኪኒን ጋር ቢጣላበትስ? እሷ ከአራተኛ ክፍል የቀረች ሰው፣ ይህን በምን ትለየው?

"ሐኪሙ ያውቃል?"

"እንዴ እትዬ! ክልክል እኮ ነው። ዝም ብለሽ ስጪው፣ ማን ያያል?"

"ያኔም ማን ያያል ብለህ ነው የዘራኸው።"

ከአስፋልቱ "አየር ጤና! አየር ጤና!" የሚል የታክሲ ረዳት ጥሪ ተሰማ። ድንቅቱ ብልቃጡን ተቀበለችው። ፍቅረሥላሴ እጁን ዘረጋ፤ እጁ አየሩ ላይ ተርገፈገፈ። ቢሆንም ክዳኑን አጥብቃ ወንዲ ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችውና ዚፑን ዘጋችበት።

"አብረኸን ትሄዳለህ። ሐኪሙ ፊት አንተ ታወጣዋለህ። የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት ትላለህ። ጋሼህ ይውሰድ ካለ ይወስዳል፤ ድፉት ካለ ትደፋዋለህ።"

"ቢያስይዘኝስ?"

"ስንቅ አመጣልሃለሁ። እኔ አልሸሸግም።"

ወንዲ መንገዱን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ድንቅቱ የባሏን አንድ ክንድ ደግፋ አስነሳችው።

"ምን ትገተራለህ? በዚያ በኩል ያዘው።"

ወንዲ ሌላኛውን ክንድ እስኪይዝ ድረስ ከደጃፉ ንቅንቅ አላለችም።