ሰባተኛው ደቂቃ

ልጄ ሙዚቃዋን ኢንተርኔት ላይ በለቀቀች ቁጥር እፈራላታለሁ። የምትሠራው ጎዋ ትራንስ የሚሉትን በኮምፒውተር የሚቀናበር የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ቃል የለውም፣ አንዱ ዜማ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። ባለፈው ዓመት አንድ አድማጭ ቢሰድባት አርባ ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ቢላዋ ሳይቀር ደብቄ፣ ጆሮዬን በሯ ላይ ለጥፌ ትንፋሿን ሳዳምጥ ከረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ሥራ ለቃ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ኮምፒውተሩን ክፍት ትታው ስለነበር አስተያየቶቹን ለማንበብ ተቀመጥኩ።

«የድሮው ጎዋ ይበልጣል!» ይላል አንዱ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ካሴትህን አቅፈህ ተኛ! ይኼ ጥርት ያለ ነው» ይለዋል ሌላው።

«ጥራቱ እኮ ነው የገደለው። የሆስፒታል ኮሪደር አስመሰላችሁት!»

እስከዚህ ድረስ የሚናከሱት እርስ በርሳቸው ነው። ከታች ግን ራሱን «አሮጌ ጆሮ» ብሎ የሚጠራ ሰው ለእሷ ጽፏል፦ «እህቴ፣ ይኼ ጎዋ ትራንስ አይደለም። እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ተከተልኩሽ። ሰባተኛው ላይ ሦስቱም ዜማዎች አንድ ቦታ ተከማቹና ሙዚቃው ማንከስ ጀመረ። አንዱን አውጪው። የማትሰሚ ከሆነ ይህን ሥራ ተይው።»

«ተይው» የምትለዋ ላይ ስደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። አምስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። የጫማዋን ድምፅ ደረጃው ላይ ስሰማ አስተያየቱን አጠፋሁት።

ዳቦውን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች።

«እማ፣ ቅድም ቁጥሩን በስልኬ ሳይ አሥራ ሁለት አስተያየት ነበር። አሥራ አንድ ሆኗል።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እማዬ!»

«ክፉ ሰው ነው፣ የኔ ልጅ። ተይው ይልሻል። አሮጌ ጆሮ ነኝ ባይ!»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የሱን ቃል ስጠብቅ ነበር። ጎዋን ከጥንቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ሌሎቹ እኮ ሁለት ደቂቃ ሰምተው ነው የሚጨቃጨቁት!»

ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። ያ ቁልፍ ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር ቀጭ ያለው። 

«ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ!» ብዬ በሩን ደበደብኩ።  የጻፈውን ከመጀመሪያው ጀምሬ አልኩላት፤ «አንዱን አውጪው» ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለች ከውስጥ።

«አለቀ።»

«እማ!»

የቀረውን ነገርኳት።  ጸጥታዋን እንደምፈራው ሌላ የምፈራው ነገር የለም፤ አፌ ያመጣልኝን ቀባጠርኩ። «የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ እርጥብ አንሶላ ባንድ ወገን ሲከማች ማሽኑ እንዲሁ ያነክሳል። አንድ አንሶላ ስናወጣለት ይረጋጋል...»

 መለዋወጫውን ቁልፍ ፍለጋ መሳቢያውን ስገለብጥ ሙዚቃው ተነሣ። ዱግ ዱግ፣ ዱግ... አነከሰ። ተቋረጠ።  እንደገና ጀመረ፤ አሁን ሁለት ዜማ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እማ፣ አሁንስ ያነክሳል?»

«አያነክስም» ማለት ምንኛ ቀላል ነበር። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሰማሁት።

«ትንሽ» አልኳት።

ቁልፉ ዞረ።

«እስቲ ግቢና የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ።»