ስለ ኮሌጁ ንብረት ይዞታ

ናሙኮሎ ሲታሊ የካሎንጎ ነርሶች ኮሌጅን ሰርቨር ሰባት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ወንበር ቆጣሪ ሆናለች። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወንበር አለ፤ ሠላሳ ሰባቱ እግራቸው የላላ ነው። በየወንበሩ ጀርባ ቁጥር ለጥፋ፣ የትኛው በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ጽፋ፣ ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ለቺፔፖ አስረክባለች። አላነበበውም። ከእሷ እጅ የወጣ ወረቀት ማንበብ ካቆመ ቆይቷል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ትቀርባለች። ጥፋተኛ ከተባለች ትባረራለች፤ ከሥራው ጋር፣ ከአገሯ ከሞንጉ ያመጣቻት እናቷና ሁለቱ ልጆቿ የሚኖሩባት የግቢው ቤትም ትሄዳለች። ቺፔፖ ደግሞ ለዚያች ቤት ከአሁኑ መጋረጃ ለክቶላታል እየተባለ ይወራል።

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነበር። እሷ የሎዚ ጎሳ ናት፣ እሱ የቶንጋ። ሎዚና ቶንጋ በልማድ ሳይቀያየሙ የሚሰዳደቡ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ኮሌጁ ባለባት በንዶላ ከተማ ሁለቱ ሲሰዳደቡ መስማት ሰላምታ እንደ መስማት ነው። ዓሣ በላተኛ፣ ከብት አምላኪ ቢባባሉ ሰው ቆሞ ይስቃል እንጂ አይገላግልም። ስለዚህ ናሙኮሎና ቺፔፖ ከልባቸው እንደሚጠላሉ፣ ከሁለቱ በቀር ለስድስት ዓመት ማንም ሳያውቅ ቀረ።

በመጋቢቱ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ከስም ፊት ለአክብሮት የምትባለዋን «ባ» ሳትረሳ፣ እንዲህ አለች፦ «ሰርቨራችን ላይ ያለው ሶፍትዌር ስምንት ዓመት አልፎታል። አርባ አንድ የታወቀ ቀዳዳ አለው፤ ዝርዝሩም ለፈለገ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል። የተማሪ ውጤት መቀየር ያማረው ሰው በር ማንኳኳት እንኳ አያስፈልገውም። ባ ቺፔፖ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተኝተው ያንኮራፋሉ።»

ቺፔፖ እንደ ልማዱ ወንበሩን በሁለት የኋላ እግሮቹ አቁሞ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «እናንተ ሎዚዎች ውኃ ገና ቁርጭምጭሚት ሲነካችሁ ከበሮ መትታችሁ ጀልባ ላይ ትወጣላችሁ» አለ። «እኛ ከብት ያለን ሰዎች ረጋ ብለን እናስባለን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ርእሰ መምህርቷ ባ ሙሌንጋ እንባቸውን ጠረጉ። ቃለ ጉባኤ ያዡም አልጻፈው፤ የዘመዳሞች ቀልድ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በቃል ሲሆን ቀልድ የሚመስላቸው ከሆነ ብላ በጽሑፍ አደረገችው። ሦስት ገጽ። ሁለት ሳምንት እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ምክንያቱም የሰርቨሩ ሶፍትዌር ብቻውን የቆመ አይደለም። የተማሪ ፎቶ የምታሳየው ትንሽ የፕሮግራም ጥቅል በእሱ ላይ ተደግፋለች፤ በእሷ ላይ ደግሞ ፊደል የምታስተካክል ሌላ ጥቅል፣ በዚያች ላይ ሠሪዋ ጥሏት ከጠፋ አምስት ዓመት የሆናት ሦስተኛ። እንደ ከተማው ማሳላ ገበያ ደሳሳ ሱቆች ናቸው፦ አንዱን የበሰበሰ እንጨት እነቅላለሁ ስትል የሦስት ጎረቤት ጣሪያ አናትህ ላይ ይወርዳል። እንጨቱን ሁሉ በተራ መተካት ይጠይቃል፤ ሥራ ነው።

ቺፔፖ ሥራ አልወደደም። ለኮሌጆች የኔትወርክ መስመር የሚያከራየው ድርጅት በዓመት አንዴ ምርመራ ያደርጋል፤ ምርመራውም ሰርቨሩን «ስሪትህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቺፔፖ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርቨሩን በእጁ ነካ። አንዲት መስመር ቀየረ። ስሪት ሁለት የነበረው ሽማግሌ ሰርቨር፣ ምንም ነገሩ ሳይታደስ፣ ለጠየቀው ሁሉ «ስሪት አምስት ነኝ» ማለት ጀመረ። ድርጅቱ አመነው፤ ባለ ማኅተም የንጽሕና ምስክር ወረቀት ላከ። ቺፔፖ መስተዋት አስገብቶ ቢሮው ሰቀለው።

በዚያው ሳምንት ናሙኮሎን ከሰሳት፦ ስለ ኮሌጁ ንብረት ሐሰተኛ ወሬ በጽሑፍ በማሰራጨት። ክሱ ላይ ከስሟ ፊት «ባ» የምትለዋን የአክብሮት ቃል እንኳ ነፍጓታል። «ናሙኮሎ ሲታሊ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ኮሌጁ ንብረት ይዞታ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ለማንም እንዳትናገሪ ታግደሻል» ይላል። እሷም ታግዳ ወንበር ቆጠረች።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቺፔፖ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ግምጃ ቤት ገባ። ከበሩ ውጭ የተመራቂ ነርሶች ጫጫታ ይሰማል፤ ውጤት በድረ ገጹ የሚወጣው በዚያች ሰዓት ነበር፣ ድረ ገጹ ግን ድምጥማጡ ጠፍቷል።

«ባ ናሙኮሎ» አለ።

«ባ ተመለሰች» አለች ናሙኮሎ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «የት ከርማ ነው?»

«ቀልዱን ተይው። ድርጅቱ ቆረጠን። ትናንት ስሪት አምስት ላይ ክፉ ቀዳዳ ተገኘ አሉ፤ ስሪት አምስት ነኝ ያለ ሰርቨር ሁሉ እስኪጠገን ተዘግቷል።»

«ታዲያ ጠግነዋ።»

«ምኑን ልጠግን? ስሪት አምስት የለንም።»

«ምን አለን?»

ቺፔፖ ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አለ።

«እኔ ስለ ኮሌጁ ንብረት ይዞታ እንዳልናገር ታግጃለሁ። የፈረምከው አንተ ነህ። ቆንጆ ፊርማ አለህ፤ ቀንድ ያለው።»

«ቁጥሩን ልመልሰው ብል አሁን ዋጋ የለውም፤ የመዘገቡት ስሪት አምስትን ነው። በደብዳቤ ካላስረዳን አይከፍቱም። ሰርቨሩ አሮጌ ነው፣ አዲሱ ቀዳዳ አይመለከተንም ብለሽ ጻፊ። ሁለት መስመር።»

«ሦስት ገጽ ጽፌልህ ነበር።»

«ቀድጄዋለሁ።»

«ሐሰተኛ ወሬ መቀደድ አለበት፤ ደግ አደረግህ።»

ስልኩ ጮኸ። ባ ሙሌንጋ ነበሩ። ጆሮው ላይ ሳያደርሰው አጠፋው። «ስሚ፣ ከሳሹ እኔ ነኝ። ክሱን ላነሣው እችላለሁ።»

«በጽሑፍ?»

«በቃሌ።»

«የሰርቨርህን ቃል አይቻለሁ» አለች ናሙኮሎ። አንድ ወንበር በእግሯ ወደ እሱ ገፋች፤ ጤነኛ ወንበር ነበር፣ ቁጥር አራት። «ቁጭ በልና አንተ ጻፍ። በእጅህ፣ በስምህ።»

«አንቺ እባብ ነሽ።»

«ይህ የቀልድ ነው የእውነት?»

«የእውነት።»

«በመጨረሻ ተግባባን።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቺፔፖ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ፦ ሰርቨራችን ስሪት ሁለት ነው፤ ዕድሜው ስምንት ዓመት ነው፤ ስሪት አምስት ነኝ እንዲል በስህተት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«"በስህተት" የምትለዋን አውጣት።»

«ስለ ንብረት አትናገሪም አልነበር?»

«ይህ ስለ ንብረት አይደለም፤ ስለ አንተ ነው። ስለ አንተ አልታገድኩም።»

ሠረዛት። ፈረመ። ናሙኮሎ ቀለሙ ሳይደርቅ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ወረቀቱን ነጥቆ ወጣ፤ ወንበሩን እንኳ አልመለሰም።

መልስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ድርጅቱ ስለ ግልጽነታቸው አመስግኖ፣ የስሪት አምስት እገዳ እንደተነሣላቸው ገለጸ። ቀጥሎም፣ ከስሪት አራት በታች የሆኑ ሰርቨሮች ከተከለከሉ ሦስት ዓመት ስለሆናቸው መስመሩ እንደተዘጋ ይቆያል አለ። ቺፔፖ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ተመልሶ ቆመ።

«ይህን ታውቂ ነበር።»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር» አለች፤ ከምሳ ዕቃዋ የበቆሎ ገንፎ ንሺማ ቆርሳ ከካፔንታ፣ ከደረቁ ትናንሽ ዓሣ ጋር፣ እየጠቀለለች። ና ብላ አልጋበዘችውም።

ውጤቱ ታትሞ በሙጫ ግንብ ላይ ተለጠፈ። ነርሶቹ እየተጋፉ በጣታቸው ስማቸውን ፈለጉ። የስብሰባ ክፍሉ ወንበሮች ለወላጆች ተወስደው ስለነበር፣ ለኮሚቴው ከግምጃ ቤት ስምንት ወንበር ተላከ። የትኛው ይሂድ ብሎ ናሙኮሎን የጠየቃት የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ባ ሙሌንጋ ከናሙኮሎ ስልክ ላይ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ባ ቺፔፖ፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው?»

ቺፔፖ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እሜቴ፣ እኛ እኮ የቀልድ ዘመዳሞች ነን...»

ማንም አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህን ጊዜ ጻፈ።

«ባ ናሙኮሎ» አሉ ባ ሙሌንጋ፣ «ሰርቨሩን ለማደስ ስንት ቀን ይበቃዎታል?»

«ስለ ኮሌጁ ንብረት እንዳልናገር ታግጃለሁ፣ እሜቴ። ውሳኔው ይሰጥና እናገራለሁ።»

ባ ሙሌንጋ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ሳይሆን ላባቸውን ጠረጉ። ከሁለቱ የኮሚቴው አባላት ጋር ራስ ለራስ ተደጋግፈው መንሾካሾክ ጀመሩ። ክሱ እንደሚወድቅ ፊታቸው ይናገራል፤ ግን ገና አልተናገሩም።

ቺፔፖ ምን ታመጪያለሽ በሚል ዓይን አያት። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እንደ ልማዱ፣ የወንበሩን የፊት እግሮች ከመሬት ማንሣት ጀመረ። ናሙኮሎ ከወንበሩ ጀርባ የለጠፈችውን ቁጥር አየች፦ አሥራ ዘጠኝ። የኋላ ቀኝ እግሩ የላላ።

አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ ውሳኔው ገና እንዳልተሰጠ አስታወሰችና መልሳ ዘጋችው።