ማዳም ፍሬን የረገጠችበት ቅዳሜ

ሰው ሁሉ መኪና የሚሄደው በቤንዚን ብቻ ይመስለዋል። እኔ በሽር፣ ሳዑዲ ኾበር ከተማ ላይ ሰባት ዓመት ስነዳ «ቤንዚን አለ ወይ?» የሚለኝ መዓት ነው፤ «ዘይቱን አይተኸዋል ወይ?» ያለኝ ግን አንድ የአዳም ዘር የለም። እኔ ደግሞ መንዳት የለመድኩት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ጤፍ በጫነ አይሱዙ ነው። እዚያ ኮፈን ሳይከፍት የሚነሳ ሹፌር ቤተሰቡን ተሰናብቶ ይውጣ። ስለዚህ ሱብሒ እንደሰገድኩ ቢስሚላህ ብዬ ኮፈን እከፍታለሁ። የሞተሩን ዘይት በዘንጉ እለካለሁ፣ የራዲያተሩን ውሃ አያለሁ፣ የፍሬኑን ዘይት አያለሁ፣ ከዚያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞሬ በእጄ እጫናለሁ። ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አይቻለሁ።

የምሠራበት ቤት አል ዑለያ ሰፈር ነው። ካፊሌ፣ ማለት ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ ግማሹን ወር እቤት የለም፤ ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስቱ ማዳም ሀያ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ሁለቱም ሲወለዱ ከሆስፒታል በጨርቅ ተጠቅልለው ወደ ቤት የመጡት በእኔ መሪ ነው፣ ስለዚህ የእኔም ልጆች ናቸው ብል ውሸት የለበትም።

በፈረንጆቹ 2018 ሰኔ ላይ ሴት መንዳት ትችላለች ተባለ። አገሩ ሲደሰት እኔ ክው አልኩ። ማዳም ወዲያው ማሠልጠኛ ተመዘገበች፣ ጥቅምት ላይ መንጃ ፈቃዷን በእጇ አስገባች። ካፊሌ በስልክ፣ እንግዲህ ስለ ኢቃማህ እንነጋገራለን አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ወር ነው። ካላሳደሰልኝ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶልኝ አገሬ መግባቴ ነው። ልጄ ዘይኔ ደሴ ነርስነት ትማራለች፣ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። እኔ አሁን ሥራ ፈትቼ ብገባ ትምህርቷ እዚያው ላይ ይቆማል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፣ እህል አልበላ አለኝ፣ በረባ ባልረባው መቆጣት ጀመርኩ። ድሮም ቁጡ ነኝ፣ ባሰብኝ።

ጎረቤት ከተማ ዳማም፣ አል ባዲያ ሰፈር የሚኖር ዑበይዳ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ እሱም የቤት ሹፌር ነው። ጭንቀቴን ሳጫውተው፣ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን እንዳታሳያት አለኝ። መሪ ማንም ያዞራል፣ አንድ ቀን መኪናዋ መንገድ መሀል ቀጥ ስትልባት ያኔ ዋጋህን ታውቃለች፣ ለምና ነው የምታስቀርህ አለ። ክፉ ምክር ነበር፤ ግን ጣመኝ።

ማዳም ፈቃዷን ባወጣች ማግስት መጥታ በየጠዋቱ የምታየውን አሳየኝ አለችኝ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ማዳም፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው፣ እጅሽ ይቆሽሻል ብዬ ሸኘኋት። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ሞተሩ ትኩስ ነው አልኳት። በሌላው ቀን ሶላት ደረሰ አልኳት። ሶላቱ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሷም ዓይኔን አየት አደረገችና ተወችው።

ከዚያ ኅዳር ላይ አንድ አርብ ማታ ጠራችኝ። ነገ ልጆቹንና እታለምን ይዤ ኒስፍ አልቀመር የሚባለው የባሕር ዳርቻ እሄዳለሁ፣ የምነዳው እኔ ነኝ፣ አንተ እረፍ አለች። እታለም የቤት ሠራተኛችን ናት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሳቂታ፣ ፈሪ፣ ጾመኛ። «እረፍ» ስትለኝ ኹሩጁ መጣ አልኩ።

ጠዋት ሰገድኩ። ኮፈን ግን አልከፈትኩም። የምትነዳዋ ትየው ብዬ ክፍሌ ገባሁና ሻይ አፈላሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በመስኮት መኪናዋን አያለሁ። ደግ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሰባት ዓመት የለመደ እጅ አርፎ መቀመጥ አልቻለም። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው እየተራገምኩ ወጥቼ ከፈትኩት።

የሞተሩ ዘይት ደህና ነው። የራዲያተሩ ውሃ ደህና ነው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ጋ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ትናንት ጠዋት ከላይኛው መስመር ትንሽ በታች ነበር፤ ዛሬ እስከ አፉ ጢም ብሏል። የፍሬን ዘይት ይጎድላል እንጂ በራሱ አይጨምርም። ጣቴን ነክሬ አሻሸሁት። ቀጥኗል። ክዳኑ አካባቢ ውሃ ተንጠባጥቧል።

እታለም የምግብ ሳጥን ተሸክማ ብቅ ስትል እጄን ክዳኑ ላይ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። ማን ነካው ብዬ ጮህኩባት። ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። እህቷ በሰው እጅ ከአገር ጠበል ልካላት፣ እንዳይታወቅባት በተራ የውሃ ላስቲክ አድርጋ አልጋዋ ሥር ደብቃ ኖራለች። ማዳም ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው፣ ልጆቹም እኔም ውስጡ ነን፣ ማርያም ትጠብቀን ብዬ ነው አለች። ጎህ ሲቀድ ወርዳ፣ ውሃ ስጨምርበት የምታየውን የራዲያተር ክዳን ለመክፈት ታግላ አልከፈት ሲላት፣ ከጎን ያለችውን ትንሿን ክዳን ፈታ አንድ ሲኒ ያህል ጨምራለች።

ደሜ ፈላ። ጸሎትሽን በአፍሽ አትጸልዪም ወይ፣ ይሄ እኮ ፍሬኑ ነው አልኳት። የደሴን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ከገባ ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላል፣ እግርህን ስትጭን ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ወደ ኒስፍ አልቀመር በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና እንደ ጉድ ነው የሚበረው። እዚያ ላይ ሁለቱ ልጆች፣ ከኋላ እታለም። ትንሽ ቆይቼ ብወጣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ጠዋት የጠጣሁት ያ ሻይ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ማዳም ልጆቹን አስከትላ፣ ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች መጣች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ደስታዋ ከሩቅ ያስታውቃል። መኪናዋ ዛሬ አትንቀሳቀስም አልኳት።

ቁልፉ ቆመ። መነጽሯን አወለቀች።

«እንድነዳ አትፈልግም» አለችኝ። «አንድ ወር ሙሉ ስትሸሸኝ ከረምክ። አሁን ደግሞ ይሄን አመጣህ።»

እውነቷን ነው። ዋሽቼ ዋሽቼ፣ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። እታለም ከኋላዬ ሳጥኑን እንደያዘች ቆማለች። ስለ ጠበሉ ባወራ የእሷ እንጀራ ዛሬውኑ ያበቃል፣ እሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር፤ እዚህ አገር ጠበል መደበቅ ያሳስራል።

«አዎ ማዳም፣ አልፈልግም ነበር» አልኳት። «ግን ፍሬኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ።»

ወላሂ ስናገረው ዘይኔ ደብተሯን ይዛ ከትምህርት ቤቷ በር ስትመለስ ታየችኝ። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ። ማዳም ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ይስተካከላል ወይ ብላ ጠየቀች። አዲስ የፍሬን ዘይት መጋዘን ውስጥ አለኝ፣ ሁለት ሰዓት ስጪኝ፣ ደግሞም እግርሽን ስጪኝ አልኳት። አሮጌው ዘይት ከየጎማው ተገፍቶ እስኪወጣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ፍሬኑን መርገጥ አለበት። እታለም እንደሆነች ገና በለቅሶ ላይ ናት።

የተበላሸውን ዘይት በልጆቹ የመድኃኒት ሲሪንጅ ከማጠራቀሚያው መጠጥኩት። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ጎማ ፈታሁ፣ ቀጭን ቱቦ ሰካሁና ከመሬት ተጋድሜ ማዘዝ ጀመርኩ። ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ። ዓረብኛ «እርስዎ» አያውቅም፣ እኔም ሰባት ዓመት ስትጣራ አቤት እያልኩ ኖሬ ያን ቀን እንደ ታናሽ እህቴ አዘዝኳት። አንዴ ቀድማ ስትለቅ ተቆጣኋት። አፌን ከያዝኩ በኋላ ስሰማ፣ እላይ ሆና እየሳቀች ነው። ልጆቹም ገባቸውና ጓሮውን እየዞሩ «ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» እያሉ አበዱ። እታለም እንኳ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ፈገግ አለች።

አራቱም ጎማ አልቆ አዲሱ ዘይት ጥርት ብሎ ሲወርድ ማዳም ከመኪናው ወረደች። ኮፈኑ ጋ መጥታ ቆመች፣ አልጠየቀችም። እኔ ራሴ ጀመርኩ። ይሄ የሞተር ዘይት ነው፣ ዘንጉን አውጥተሽ ትጠርጊና መልሰሽ ትከቺዋለሽ። ይሄ ራዲያተር ነው፣ ሲሞቅ ክዳኑን እንዳትነኪ፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል። ይሄ የፍሬን ዘይት ነው፣ ከመስመሩ ከጎደለም ችግር፣ ካለፈም ችግር። ጎማን እኔ በእጄ ለምጄዋለሁ፣ አንቺ ግን በመለኪያ ለኪው። ደብቄ የከረምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሥራዬን በገዛ አፌ እየሸኘሁ መሆኔን አውቃለሁ፣ ግን ቀለለኝ። ከዚያ መጀመሪያ እኔ ሰፈሩን ዞሬ አሥር ጊዜ ፍሬን ያዝኩ፣ ቀጥላ እሷ ነድታ ሞከረችው። ሲቆም ቀጥ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ልጆቹን አሳፍራ፣ እታለምን አስቀምጣ ወጣች። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያ ቀን ሊመሽ አልቻለም። ልብሴን ከሻንጣው አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ስልክ ሲጮህ ካፊሌ ነው ብዬ ብድግ እላለሁ። የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል በሩ ጋ የመኪና ድምፅ ሰማሁና ሮጬ ወጣሁ። ግማሿን ግቢ ውስጥ፣ ግማሿን አስፋልቱ ላይ አቆመቻት። አልተቸሁም። ልጆቹ አሸዋ በአሸዋ ሆነው ወረዱ፣ እታለም አይታኝ ፈጥና ወደ ውስጥ ገባች። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ማዳም፣ ኹሩጄ መቼ ነው? ልጄ አስቀድማ ትወቀው።»

ማዳም ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሃውን አንተ እንዳልጨመርከው እታለም መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ገብቶኛል፤ ለምን እንደሆነ አልጠይቃትም» አለች። «ባሌ ደውሎ፣ አንቺ ከነዳሽ ሹፌር ምን ያደርግልሻል አለኝ። መንዳቱንማ እኔም እነዳለሁ። ቁልፍ ይዤ ቆሜ፣ ኢቃማው ሊያልቅ አንድ ወር የቀረው ሰው ‹ዛሬ አትሄጂም› የሚለኝ ግን ሌላ የት አገኛለሁ አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ያሳድስልሃል።»

አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት አርባ ስድስት ዓመቴን ይዤ ልጆቹ ፊት አለቀስኩ። ማዳም እንዳላየች ሆና ፊቷን ወደ ባሕር ዳርቻው ዕቃ አዞረች፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው ኮፈኑን የምታየው፣ ቀስቅሰኝ ብላ ገባች።

ክፍሌ ገብቼ ለዘይኔ ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች፣ ምን ሆነህ ነው አባባ አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ትምህርትሽን አጥኚ አልኳት።