በጥር የተለካው ጉድጓድ

ማርሊን ሆስኪንስ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ናት። አሪዞና ውስጥ ደግሞ አዲስ ሰፈር የሚገነባ ሁሉ ውሃው ለመቶ ዓመት እንደሚበቃ ባለሙያ ካላስመሰከረ መሠረት አይጥልም። በሸለቆው ለተሠሩት ስምንት መቶ ቤቶች የመሰከረችው እሷ ናት። መቶ ዓመት ይበቃል አለች፤ አራት እንኳ ሳይሞላ ጉድጓዱ ሁሉ ይደርቅ ጀመር! ዛሬ ደግሞ በዚያው እሷ በለካችው ቁጥር ሌላ ስድስት መቶ ቤት ለመፍቀድ ድምፅ ሊሰጥ ነው።

ከፊት ሽማግሌው ቨርጂል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጉድጓዳቸው ባለፈው ወር ነጥፏል፤ የለውዝ ዛፎቻቸው በሐምሌ ቅጠላቸውን እያራገፉ ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው የሚጠጡትን በመኪና ያመላልሳሉ። የሥጋ ዘመዷ አይደሉም፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ ነው የምትላቸው። የብረት ሜትር ጫፍ ላይ ጠመኔ ቀብቶ ጉድጓድ ውስጥ መልቀቅን፣ ስቦ አውጥቶም ጠመኔው እስከ የት እንደራሰ ማንበብን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ማርሊንን ስታሟት ሰምቻለሁ» አሉ ቨርጂል። «ተዉልኝ! ይቺ ልጅ ስትለካ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፓምፔ አርጅቷል።»

«ያረጁትስ እርስዎ ነዎት!» አለ አንድ ጎረቤታቸው።

«አንተ ዝም በል። በጠራራ ፀሐይ ሣር ስታጠጣ እያየሁህ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ማርሊን ግን ፊቷ እሳት ሆነ።

በጥር ነበር የለካችው። በጥር ገበሬው አያጠጣም፤ የሸለቆው ፓምፕ ሁሉ ዝም ስለሚል ውሃው በየጉድጓዱ ከፍ ይላል። እውነቱ የሚታየው በሐምሌ ነው። ይህን የማያውቅ የሸለቆው ሰው የለም፣ እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ታውቃለች! ገንቢዎቹ ሲያጣድፏት ግን የጥርን ቁጥር ይዛ፣ የተለካበትን ቀን ሳትጽፍ ፈረመች። በሐምሌ ደግሜ እለካለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። የዚያ ዓመት ሐምሌ መጣ፣ ሄደ። ሥራ በዝቶባት እንዳይመስላችሁ፤ የምታገኘውን ቁጥር ፈርታ ነው።

«በይ ልጄ» አሉ ቨርጂል ወደ እሷ ዞረው፣ «ተነሺና ንገሪያቸው። በሐምሌም ለክተሽ የለ?»

አዎ ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። ተነሳች። ከፊቷ ያለውን ወንበር ያዘች።

«በጥር ብቻ ነው የለካሁት፣ አጎቴ።»

«በጥር ብቻ?»

«በጥር ብቻ። የእርስዎ ፓምፕ ምንም አልሆነም። አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ።»

ድምፅ መስጠቱ ቀረ። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። አንዲት ሴት በአጠገቧ ስታልፍ «ኧረ ወይኔ! ይሄን ቤት የገዛነው አንቺን አምነን ነው» አለቻት። ቨርጂል ግን መኪናቸው ዘንድ ጠበቋት። አልተሳደቡም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሜትሩንና ጠመኔውን ሰጥተዋት እስከ ጉድጓዳቸው ድረስ ይዘዋት ነዱ።

ጠመኔውን ቀባች፤ ሜትሩን እስከ ጉድጓዱ ወለል ለቀቀችው። ስትስበው ጠመኔው እንደቀባችው ነበር።

«አንብቢው» አሉ።

«ደረቅ ነው፣ አጎቴ።»

«ጻፊው።»

ደብተሯን አውጥታ ጻፈች።

«ቀኑንም ጻፊ» አሉ ቨርጂል፣ ዛፎቻቸውን እያዩ። «ዛሬ እንኳ ቀኑን ጻፊ።»