ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ

የዴም ሰፈር ባጃጅ ሁሉ፣ እዚህ ረክሻ የሚሉት፣ የሚነሳው በእኔ በበሽር እጅ ነው። ካርቱም ውስጥ እኔ ያልፈታሁት ሞተር ቢኖር ገና ያልተሠራው ነው። ይህን ሁሉ ሆኜ አንድ የጠመኔ ሰው አሸነፈኝ!

መምህር ካሣዬ ከጋራዤ ጎን በተከራያት ክፍል የሰፈራችንን የሐበሻ ልጆች አማርኛ ያስተምራል። አማርኛ ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ! «አገር የሚፈርሰው ሰው ላልተባለ ነገር መልስ ሲሰጥ ነው» ይላቸዋል። ስለዚህ ከመመለስ በፊት የሰሙትን መድገም ግዴታ ነው፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። በሽታው ከክፍሉ ወጥቶ ሰፈሩን ጨረሰ። ድንጋይ ያነሱ ልጆች «መጀመሪያ ያልኩትን ድገም» ይባባሉና ጠቡ እዚያው ይበርዳል። ሱቅ ዐረቢ ገበያ የሚመላለሱት ሾፌሮች እንኳ «ኡስታ በሽር፣ ድገምልኝ እስቲ! ፍሬኑ ነው ያልኩህ፤ ሞተሩን ማን አውርድ አለህ?» ይሉኝ ጀመር።

እሱንም ቻልኩት። ልጄ ከውሰር ግን ሐኪም እንደምትሆን ለዴም ብቻ አይደለም፣ እስከ አል-ሳሃፋ ሰፈር አውጄላታለሁ። ሰው ከወዲሁ «የዶክተሯ አባት» ይለኛል። ትናንት ምሳ ላይ እንዲህ አለችኝ፦

«ያባ፣ ሕክምናውን ትቼ ደሴ ሄጄ መምህርነት ልማር ነው። ዱዓ ሳታደርግልኝ ግን አልሄድም።»

«ወላሂ አይሆንም!»

«መጀመሪያ ያልኩትን ድገም።»

እናቷ ጦይባ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። እየሳቀችብኝ ነው።

«አባቴን ከካርቱም እስከ ወሎ አዋርጄ ጠመኔ ስቅም ልኑር ነው ያልሽው!»

«ጨመርክ።»

«እሺ፣ መምህር ልሁን አልሽ። ኸላስ!»

«ቀነስክ።»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ጦይባ፣ «ለሞተር ጆሮህን ታስጠጋ የለ? ለልጅህ ሲሆን ምን ደፈነው?»

ጥርሴን ነክሼ፣ ቁርኣን እንደሚቀራ ሕፃን ቃል በቃል ጀመርኩ። «ሕክምናውን ትቼ... ደሴ ሄጄ... መምህርነት ልማር ነው። ዱዓ... ሳታደርግልኝ...»

ይህቺን ስትል የት ነበርኩ?

«...ግን አልሄድም።»

ያሰናዳሁት መልስ ሁሉ ላልተባለ ነገር ሆነና ቀረ። ያ ካሣዬ!

«ዱዓ ላይስ መጨመር ይቻላል?» አልኳት እየተቆጣሁ።

«እሱ ላይ እንደልብህ፣ ያባ።»

እጄን ዘረጋሁ። «የሚኒስትሮች መምህር ያድርግሽ» ብዬ ጀመርኩ። አገሩን፣ ጎረቤት አገሩን፣ የጎረቤቱንም ጎረቤት ሁሉ ተማሪዋ አደረግኩላት። ጦይባ አሚን ማለት ደክሟት ባሚያው ሲቀዘቅዝ፣ እኔ ገና አፍሪካን አልጨረስኩም ነበር።