አምስትና ከዚያ በላይ

ትህትና አጠፋች። በቆርኪ የማይወሰን ነገር በቆርኪ አስወሰነች፤ ያውም ዕጣው ከከፋ ምን እንደሚሆን በራሷ አፍ ተናግራ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አራት ሰዎች አንዳቸውም ነገሩን መመለስ አልቻሉም።

ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው፤ አብርሃም ሶዶ ውስጥ በተከራያት አንድ ክፍል ቤት። አብርሃም የቦምቤ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ የጨዋታውንም ካርታ የሚስለው ተማሪዎቹን እየፈተነ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ሰው ፈጥሮ ይመጣል፦ ፈዋሽ፣ ዘበኛ፣ ነጋዴ። አንዱ ደግሞ ዳኛ ይሆናል። ዳኛው የሌለ አገር ያወራል፤ ከፊታችሁ ወንዝ አለ፣ ድልድዩ ተሰብሯል ይላል። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የሚቻል ከሆነ ይሁን ይላቸዋል፣ የማይቻል ከሆነ አይሆንም ይላቸዋል፤ ሁለቱንም ማለት ሲያቅተው ከከረጢት ቆርኪ ይወጣል። በስልክ ያነበቡት መመሪያ ሃያ ፊት ስላለው ዳይስ፣ እየተወረወረ ቁጥር ስለሚያወጣ ጠጠር፣ ያወራል። እንዲህ ያለ ነገር ሶዶ ገበያ ላይ ስለማይገኝ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ለቅመው ከአንድ እስከ ሃያ በቀይ ማርከር ቁጥር ጻፉባቸው።

ዳኛዋ ትህትና ናት። ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ታስተምራለች። ቁጥር አትፈራም፣ መጎተት ግን አትወድም፤ አንድ ሰው በር በእርግጫ ልክፈተው ወይስ ላንኳኳ እያለ አሥር ደቂቃ ሲፈጅ ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትመታለች።

ጨዋታውን ያመጣው ግን ከተጫዋቾቹ የአንዷ፣ የሰገነት፣ ታናሽ ወንድም ኤርካሎ ነበር። እንደ እሱ ዳኛ የሚያደክም ተጫዋች አልነበረም። አንድ ቅዳሜ፣ ትህትና ቁጥሩን ካየች በኋላ ፍርዷን አጠፈችብኝ ብሎ ሲከራከር ዋለ። በመጨረሻ አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፈና በሩ ላይ በውስጥ በኩል ለጠፈው፦ «ቆርኪ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱም ይነገር፤ ቢሳካ ምን፣ ባይሳካ ምን። ከወጣ በኋላ አይታጠፍም።» እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሁሉንም አስፈረማቸው።

ያልተጻፈም ልማድ አላቸው። አንድ ሰው ሲቀር የፈጠረው ሰው ይተኛል። ዝርዝሩ የተጻፈበት ወረቀት ታጥፎ ከስኳር ጣሳው ሥር ይቀመጣል። የተኛን ማንም አይገድለውም፣ ማንም አይናገርለትም።

የኤርካሎ ፈረሰኛ እዚያ ጣሳ ሥር ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ኤርካሎ በመጨረሻው ቅዳሜ ፈረሰኛውን አንድ ዋሻ ውስጥ አስገብቶ «እስክመለስ ይተኛ» አለ፤ ለሥልጠና ሐዋሳ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ሰኞ በሞያሌ በኩል ወጣ። መድረሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከኬንያ ደወለ፣ ከታንዛኒያ ደወለ፣ ከማላዊ ደወለ። ከማላዊ ወዲህ አምስት ወር ድምፁ የለም። የወሰደው ደላላም ስልኩን ዘግቷል።

ሰገነት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሑድ ከቸርች መልስ ሚኒባስ ይዛ እናቷ ጋ ተበላ ከተማ ትወርዳለች፤ በየእሑዱም ደውሏል ትላቸዋለች። ኔትወርክ አስቸግሮት ነው እንጂ ደህና ነው፣ ሰላም በያቸው ብሏል። እናቷ ይህን ሰምተው ነው ሳምንቱን የሚዘልቁት። ነገሩን ሦስቱም ጓደኞቿ ያውቃሉ፤ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም።

የዚያን ቅዳሜ አብርሃም ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅሎ በዳታ፣ በአገሩ የበርበሬ ማባያ፣ አቀረበ። ሳምራ ከደሴ የመጣች የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ሁለት ዓመት ሶዶ ተቀምጣ ዳታ አሁንም ዓይኗን ያስለቅሳታል።

«ሳምሪ፣ ቀኑን ሙሉ ደም ስታዪ የማታለቅሺ ሴት፣ በርበሬ እንዲህ ያድርግሽ?» አላት አብርሃም።

«ደሙ አያቃጥልማ።»

ተሳሳቁ፣ ቦዬውን ገፋ አድርገው ካርታውን ዘረጉ። ያለፈው ቅዳሜ የቆሙት ወንዝ ዳር ነበር። አብርሃምና ሳምራ ታንኳ እንፈልጋለን አሉ። የሰገነት ተራ ሲደርስ ፈዋሿ አብራቸው እንደማትሻገር ተናገረች።

«ወደ ዋሻው እመለሳለሁ» አለች። «ፈረሰኛውን እቀሰቅሰዋለሁ። ይዤው እወጣለሁ።»

አብርሃም ማኘኩን አቆመ። ሳምራ ካርታውን አየች፤ ካርታው ላይ ዋሻው ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነው።

ትህትና በሁለት ዓመት ዳኝነት ብዙ ጣጣ አይታለች። አብርሃም አንድ ጊዜ ንጉሥን በእንቆቅልሽ አስሬ ዘውዱን እቀበላለሁ ብሏታል፣ ለዚያ መልስ አላጣችም። ለዚህ ግን አጣች። አይሆንም፣ የተኛ አይነካም ብትል ልማዱ ከእሷ ጋር ነው፤ ይህን ለሰገነት ፊት ለፊት መናገር ግን አልሆነላትም። ይሁን ብትል ፈረሰኛው ይነቃል፣ ሲነቃ ደግሞ ይናገራል፤ በዚያ አገር ተጫዋች ለሌለው ሁሉ የምትናገረው ዳኛዋ ናት። ኤርካሎን ሆና «እህቴ፣ ደህና ነኝ» ልትል ነው። ሰገነት የመጣችው ለዚያች ቃል እንደሆነ ገብቷታል። ለመስጠት ድፍረት አልነበራትም። ለመከልከልም እንደዚያው። ጥፍሯ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ።

ቆርኪው ይመልስላት ብላ ከረጢቱን ወደ ሰገነት ገፋች።

«አምስትና ከዚያ በላይ ከወጣ ይነቃል» አለች። ሃያ ቆርኪ፣ አሥራ ስድስቱ የሰገነት ናቸው። ሰማንያ ከመቶ። ከዚህ በላይ ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

«ባይወጣስ?» አለች ሳምራ። ክፋት አስባ አይደለም። በሩ ላይ የተለጠፈው ነው ያስጠየቃት።

ባይወጣ አልሰማም ማለት ይቻል ነበር። እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ሌላ ቀን ትሞክራለች ማለት ይቻል ነበር። ትህትና ግን ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅላት ፈለገች፣ አፏ ላይ የመጣውን አለች።

«ባይወጣ ዋሻው ባዶ ነው።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። ሰገነት ግን እጇ ከረጢቱ ውስጥ ነበር። አላገላበጠችም፣ የመጀመሪያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሦስት።

ትህትና ለተማሪዎቿ በየሴሚስተሩ የምትለው አላት፤ ሃያ ከመቶ ማለት አይደርስም ማለት አይደለም። የሚሳሳቱትንም ነጥብ ትቀንስባቸዋለች።

«ዋሻው ባዶ ነው» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ግን መሬቱ ላይ የፈረስ ኮቴ ይታያል። ኮቴው በሌላ መውጫ ወደ...»

«ቲቲ» አለች ሰገነት። «ኮቴ አለ አላልሽም ነበር።»

አብርሃም ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ በወረቀት የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ እንደ አገራችን ዱቡሻ እንቀመጥ አለ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ሜዳ ላይ ተቀምጠው ነገር የሚያበርዱበት ነው፤ አራቱም ከተስማሙ የኤርካሎ ሕግ ለዛሬ ብቻ ይነሳል፣ ቆርኪው ይመለስና እንደገና ይወጣል። እሱ ተስማምቷል። ሳምራም ተስማማች። ጨዋታ እኮ ነው ብላ ጨመረች፣ ወዲያው አንገቷን ደፋች።

«ዱቡሻ የተጣላ ሰው ነው የሚያስታርቅ» አለች ሰገነት። «እኔ ከማን ተጣላሁ?»

አብርሃም ሦስት ቁጥሩን ወደ ከረጢቱ ሊመልስ እጁን ሲዘረጋ በመዳፏ ሸፈነችው።

«አዝናችሁልኝ ብደግም፣ አምስት እስኪወጣ ልታስደግሙኝ ነው። ያ ምኑ ዕጣ ነው?»

ትህትና በነገሯ ውስጥ ስህተት ፈለገች። ስህተት የለውም። እሷ ራሷ ብትጠየቅ የምትመልሰው መልስ ነው። ይቅርታ ልትላት አሰበች፤ ይቅርታ የተናገረችውን አያጠፋውም፣ ማላዊም አይደርስም። ከረጢቱን ወደ ራሷ ሳበችና አፉን አሰረችው። ሌላ የምትሠራው ነገር አልመጣላትም።

ሰገነት አላለቀሰችም። ሦስት ቁጥሩን በጣቷ ገልብጣ በፊቱ ደፋችው።

«ነገ ተበላ ነኝ» አለች። «ከእንግዲህ ደወለ አልላትም።»

ትህትና የሰገነትን እናት አንድ ጊዜ አይታቸዋለች። ኤርካሎ ሲመረቅ አዲስ ጫማ አድርገው መጥተው ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ሲልጣቸው ውሏል፣ ግን አላወለቁትም። ተዪ፣ አትንገሪያቸው ልትላት አፏን ከፈተች። ምን ይዛ? ሌላ እሑድ የምታዘልቅ ቃል የላትም።

ሰገነት የስኳር ጣሳውን አነሳች። ወረቀቱ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ እንዳይቀደድ ቀስ ብላ አላቀቀችው።

«ይህን ልወስደው ነው» አለች። ዓይኗ ትህትና ላይ ነበር፤ ዳኛ ስትጠይቅ እንደምታየው ነበር ያየቻት። «ይቻላል? ወይስ ቆርኪ ላውጣ?»

የተኛን ሰው ወረቀት ከቤቱ ያወጣ እስከ ዛሬ የለም። የተጻፈ ነገር የለም፣ ልማድም የለም። አብርሃምና ሳምራ የዳኛዋን አፍ ጠበቁ።

«ቆርኪ አያስፈልግም» አለች ትህትና። «ውሰጂው።»

ሰገነት ወረቀቱን ሳትገልጠው ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ጃኬቷን ለበሰች፣ አብርሃምን ለቦዬው አመሰገነች። ያ በር ከሥሩ ወለሉን ይፍቃል፣ እጀታውን ወደ ላይ ብድግ ካላደረጉት አይገጥምም። እሷ ወጥታ ከውጭ እጀታውን ብድግ አድርጋ፣ የወንድሟን ጽሑፍ ወደ እነሱ አዙራ፣ በሩን ዘጋችው።