ቦራና ዶቅዶቄው

አድማሴን የማያውቅ የዳንግላ ሰው ቢኖር፣ ፈረስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ጥር ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሰኞቹ ሲሰለፉ ከፊት ሦስተኛው እሱ ነበር። የፈረሰኞቹ ማኅበር ደንብ አጭር ነው። ስም ጠሪው «እገሌ!» ይላል፤ ባለስሙ «አለሁ!» ይላል። «ፈረስህ?» ሲባል የፈረሱን ስም ይናገራል። ፈረስ የሌለው ከተመልካቹ ጋር ይቆማል፤ አለቀ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ክረምት ጥርባ የሚባለው ቁልቁለት አንሸራቶት ከነፈረሱ ወደቀ። ፈረሱ ቦራ በዚያው ቀረ። ቀላ ያለ ቡናማ፣ ዳማ ፈረስ ነበር፤ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ መስመር የወረደበት። የአድማሴም ዳሌ ተሰበረ፤ ወጌሻው ከእንግዲህ ኮርቻ ላይ እንደማይወጣ ቁርጡን ነገረው። ጎረቤት አዝኖ ነጭ ግንባር ያለው ውርንጭላ አምጥቶ «ይኼንንም ቦራ በለው» ቢለው፣ አድማሴ በምርኩዙ እስከ በር ድረስ ሸኘው። ያ ስም ከቦራ ጋር ተቀብሯል ብሎ ምሏል። እንግዲህ ጥር ሲመጣ ከተመልካች ጋር ሊቆም ነው።

ውዱ የሚባለው ልጁ ጋሪ ሠሪ ነው። ከበረቱ ጀርባ፣ ጣሊያን ሲሸሽ የጣለው ዶቅዶቄ ሃያ አምስት ዓመት ተጋድሟል፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። አንድ ቀን ውዱ ዶሮዎቹን እሽ ብሎ አባረረና ጎትቶ ግቢ መሃል አወጣው።

«አባባ፣ ይኼን አስነስቼ ለጥር እንጅባራ እወስድዎታለሁ።»

«የጣሊያን ሬሳ ላይ ጭነህ ልታስቅብኝ? ወግድልኝ!» አለና አድማሴ በአገውኛም ጨመረለት።

ልጁ ግን ወይ ፍንክች! ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል። ሞተሩን በሚለኩሰው በካንዴላው ቀዳዳ የኑግ ዘይት እያንጠባጠበ ዘጠኝ ቀን አጠጣው፤ በአሥረኛው ቀን በእንጨት ደግፎ በመዶሻ ነካ ቢያደርገው ንቅንቅ አለ። ባለሱቁ ሸዕባን በጭነት መኪና ሾፌር አዲስ ካንዴላ አስመጣለት። የተበሳውን የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውን፣ በጣሳ ቆርቆሮ ጠገነ። ከዚያ በጎኑ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ቀጠለበት፤ ወለሉንም መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አደረገው። አድማሴ ከደጁ ተቀምጦ፣ የማያይ መስሎ ያያል። የወለሉ ነገር መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ዳሌው የተሰበረ ሰው እግር ሳያነሳ እንዲገባበት መሆኑን ሲረዳ የማያይ መምሰሉን ረሳ። ይህን የመሰለ እጅ ከየት አመጣው? ከእኔስ አይደለም፤ እኔ ችካል እንኳ አጣምሜ ነው የምተክል፣ አለ በልቡ።

መጨረሻ ላይ ውዱ ቀለም ቀባው። ዳማ። ከፊት መብራቱ ጀምሮ ወደታች ደግሞ ነጭ መስመር።

«ምነው አባባ?»

«አቧራ ነው። ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» አለ አድማሴ ቆጣ ብሎ።

ዶቅዶቄው የተነሳ ዕለት ጉድ ፈላ! መንገድ ላይ የነበሩ የጋሪ ፈረሶች በረገጉ፤ አንዱ ሙሉ ጆንያ በርበሬ ዘርግፎ ነጎደ። ባለጋሪዎቹ ግቢውን በስድብ ሞሉት። ያኔ አድማሴ በምርኩዙ ብድግ አለ። ፈረስና ድንጋጤ ሲገናኙ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልበትም።

«አትጩኹ! ፈረሶቻችሁን ጠዋት ጠዋት እዚህ አምጡ። ገብሱን እኔ እችላለሁ። አንተ ደግሞ፣ ውዱ፣ እነሱ ሲበሉ አስነሳው፤ መጀመሪያ ከሩቅ!»

ድሮ ፈረስን ለጥይት ድምፅ ያለማመደው እንደዚሁ ነበር። ወር ሳይሞላ የዳንግላ የጋሪ ፈረሶች ዶቅዶቄው አጠገባቸው ቢያገሳ ከገብሳቸው ቀና አይሉም። አባትና ልጅም ከዚያ ወዲያ ስለ ካንዴላና ስለ ልጓም እየተከራከሩ አብረው ይውሉ ጀመር።

በጥር ሃያ ሦስት ማለዳ አድማሴ የቦራን ግላስ፣ ያንን ባለጥልፉን የኮርቻ ልብስ፣ ከግድግዳ አወረደ። የጋሪው መቀመጫ ላይ አነጠፈና ገባ።

መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎት እንጅባራ ደረሰ። ሜዳው ዳር ሲደርሱ ግን አንድ ያላሰቡት ነገር ቁልጭ አለ። ያለማመዱት የዳንግላን ፈረሶች ነው፤ እነዚህን የፈረሰኞቹን ፈረሶች ማን አለማመዳቸው? የመጀመሪያዎቹ ጆሯቸውን አቁመው መንቆራጠጥ ጀምረዋል።

«አጥፋው! ሰው ታስጨርሳለህ፣ አጥፋው!» ብሎ ጮኸ ከፈረሰኞቹ አንዱ።

ውዱ አጠፋ። የስንት ወር ልፋት፣ መቶ እርምጃ ሲቀረው እንደ ድንጋይ ቆመ። ከተመልካቹ መሃል የሳቁ አሉ። ውዱ ግን ወረደና መሪውን ጨብጦ፣ ያን ሁሉ ብረት ከነአባቱ በደረቱ ይገፋ ጀመር። ሣሩ ጎማ ይይዛል። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ አንዴም ቀና ሳይል፣ ከሰልፉ ግንባር አደረሰው።

ስም ጠሪው ሽማግሌ ገብረ ማርያም ሦስተኛው ስም ላይ ደርሶ ነበር። ከኮርቻው ላይ ሆኖ ዶቅዶቄውን ቁልቁል አየ፤ ነጩን መስመር፣ ግላሱንም አየ።

«አድማሴ!»

«አለሁ!»

ሽማግሌው ትንሽ አመነታ። ደንብ ደንብ ነው።

«ፈረስህ?»

አድማሴ ልጁን አየው። መሪውን እንደያዘ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቦራ» አለ፤ ድምፁ ሜዳውን ሞላው። «ልጄ ነው ከሞት ያስነሳው!»

ገብረ ማርያም ሁለተኛ አልጠየቀም። በአለንጋው ምልክት ሲሰጥ ሁለት ፈረሰኞች ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ውዱም አባቱን ገፍቶ ሦስተኛው ቦታ ላይ አቆመው።